ሰባተኛው ወንበር

ሸዋአየሁ ቂርቆስ ወዳለው የጎልማሶች ትምህርት የመጣችው ትኩሳት የያዛትን ልጇን ፀሎትን ቤት ቆልፋባት ነው። ቁልፉን ከመዳፏ አላወጣችውም።

መምህር ኤልዳድ ሰሌዳው ላይ 142857 ብሎ ጻፈ።

"ስድስታችሁም በየተቀመጣችሁበት ተራ ቁጥር አባዙት" አለ።

የመጀመሪያዋ ያንኑ ቁጥር መልሳ ጻፈች። ሁለተኛዋ 285714 አገኘች። ሦስተኛ የተቀመጠችው ሸዋአየሁ 428571 ወጣላት። እስከ ስድስተኛዋ ድረስ አኃዞቹ እነዚያው ናቸው፤ ተራቸውን ሳይለቁ የሚጀምሩበት ቦታ ብቻ ይለያያል።

"አይገርምም?" አለ መምህሩ።

"ምኑ ነው የሚገርመው?" አለች ሸዋአየሁ አፏን አጣማ። "አንዱን ቤት በጓሮም በፊት ለፊትም እያዞረ የሚያሳይ የካዛንቺስ ደላላ በሉት! የታመመች ልጄን ጥዬ የመጣሁት ለዚህ ኖሯል?"

ሴቶቹ ሳቁ። መምህሩ ከኋላ ወዳለው ባዶ ወንበር አመለከተ፤ ትርፍ ትንሽ ሰሌዳ ተቀምጦበታል።

"በሰባት ሲባዛ ነው መዞሩን የሚያቆመው፣ እትዬ ሸዋአየሁ። እዚያ የተቀመጠ ሰው ቢኖር ሌላ ነገር ያገኝ ነበር።"

"ኤዲያ መምህር! አሁን ደግሞ ወንበር ሊያስተምሩ ነው?"

ሳቁ ሳያልቅ ከኋላ ጠመኔ ሲጫር ተሰማ። ሁሉም ዞሩ። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ትንሹ ሰሌዳ ላይ ግን 999999 ተጽፏል።

"እማዬ" አለ የፀሎት ድምፅ ከወንበሩ፣ "የኔ ሁሉም ዘጠኝ ሆነብኝ።"