«ሰምቻለሁ፣ መጣሁ»

በሐረና ጫካ ጉም ሲወርድ አስጎብኚዎች የሚጠራሩት በፉጨት ነው። ጠዋት፣ ገና ወደ ጫካው ሳይገቡ፣ አስጎብኚው ጋሽ ቃሲም ወፍ ፎቶ ልታነሳ የመጣችውን ልጅ ሁለቱን ፉጨቶች አሰማት። ረጅሙና መጨረሻው የሚንቀጠቀጠው «ወድቄያለሁ፣ ድረሱልኝ» ማለት ነው፤ የጨነቀው ሰው ብቻ ነው የሚያፏጨው። ሁለቴ ቆረጥ ቆረጥ የሚለው አጭሩ ደግሞ የራሱ የጋሽ ቃሲም የብቻው መልስ ነው፦ «ሰምቻለሁ፣ መጣሁ።»

አምና ክረምት የሥራ ባልደረባው ሐቢብ ገደል ገብቶ ሞቷል። «ያን ቀን እኔ መንደር ነበርኩ» አላት። «ብሰማው ኖሮ አልደርስለትም ነበር?»

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ወረደ። ሐቢብ የወደቀበት ገደል አፋፍ ላይ ሲደርሱ፣ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣችላትን ወፍ አየቻት፤ ደረቷ ብርቱካናማ፣ ቅንድቧ ነጭ።

«የሰማችውን ድምፅ ሁሉ ታስመስላለች ይባላል» አለች፣ ካሜራዋን ቀስ ብላ እያነሳች።

«የቀኑ ብርሃን ሄዷል፤ እንመለስ።»

«ትንሽ ይታገሱኝ፣ ጋሼ።»

ወፏ አንገቷን ዘርግታ ያንን ረጅሙን፣ የሚንቀጠቀጠውን ፉጨት አፏጨች። ደገመችው። ደግሞ ደጋገመችው። ጥቂት ዝም አለችና፣ አጭሩን፣ ሁለቴ ቆረጥ ቆረጥ የሚለውን አስከተለች።

ልጅቷ ዞር ለማለት ፈራች። ከኋላዋ እርጥብ ቅጠል ሲረገጥ ሰማች።

«ካሜራውን ስጪኝ፣ እህቴ» አላት በለሰለሰ ድምፅ። «አፋፉ ያንሸራትታል።»