ሐሙስ፣ አሥር ሰዓት

ወረቀቱ የተገኘው ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከፕሪንተሩ ሥር ነው። ያገኘችው ቡዜ ናት። ቡዜ ያገኘችውን ለብቻዋ ይዛ አታውቅም፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያልሰማ አልነበረም።

ፎቁ ካዛንቺስ ያለ የአንድ አስመጪ ድርጅት ሰነድ ክፍል ነው። ወረቀቱ ላይ ስም የለም። «ተሳታፊ ቁጥር 31» ይላል። ሥር ለሰደደ ሄፓታይተስ ቢ፣ በሙከራ ላይ ያለ የዲ ኤን ኤ ክትባት፣ አምስተኛ መርፌ፣ ኖቬምበር 20፣ 10:00። ከታች በደማቁ፦ ቀጠሮ ያሳለፈ ተሳታፊ ከጥናቱ ይሰናበታል።

«ክትባት እኮ ላልታመመ ሰው ነው» አለች ቡዜ።

«ይኼኛው ለታመመ ነው» አለ የክፍሉ ኃላፊ አሉላ፣ እያነበበ። «ቫይረሱ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ክትባቱ ሰውነት ጠላቱን እንዲለየው ያስተምራል ይላል። ይሠራ አይሠራ ገና አልታወቀም።» ስልኩን አውጥቶ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መለሰ። «ኅዳር 11። ሐሙስ። አሥር ሰዓት።»

ሁሉም ወደ መዝገብ ቤቱ በር ዞሩ።

የመዝገብ ቤቷ ገበያነሽ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ «ለግል ጉዳይ» ብላ ፈርማ ትወጣለች። የት እንደምትሄድ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

አሉላ አስጠራት። «ወይዘሮ ገበያነሽ፣ ይኼ የእርስዎ ነው?»

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ክፍሉን በዓይኗ ዞረች። አሉላን፣ ቡዜን፣ ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታ የምትጽፈውን የኮንትራት ሠራተኛ ሊዲያን።

«ብሆንስ?» አለች።

«ማለቴ… ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው።»

«በትሪ አይተላለፍም። በጉርሻም፣ በብርጭቆም አይተላለፍም። በደም፣ በግብረ ሥጋና በወሊድ ነው። አንተ ከሦስቱ በየትኛው ነው የሰጋኸው?»

ቡዜ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። አሉላ ፊቱ ቀላ።

«ይኼ በሽታ ያለበት ሰው እዚህ ክፍል አይቀጥልም።»

«እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ ቋሚ ነኝ። በአንድ ወረቀት አልነቀልም።»

«ሐሙስ የሐኪም ደብዳቤ ሳያሳዩ ከዚህ በር አይወጡም።»

«እንተያያለን።»

በክፍሉ ልማድ ምሳ ዕቃው ሁሉ አንድ ትሪ ላይ ይገለበጣል። በዚያ ቀን ቡዜ የገበያነሽን ድርሻ በክዳን ለየችው። «አትቀየሚኝ፤ ልጆች አሉኝ።»

«እኔም ሆድ አለኝ» አለች ገበያነሽ። ክዳኑን ይዛ ወደ ጥግ አልሄደችም። ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠችውና በላች።

ሊዲያ ተነሳች። የራሷን ምሳ ከትሪው ላይ ሰብስባ የገበያነሽ ክዳን ላይ ገለበጠችው።

«አንቺ ልጅ፣ አትፈሪም እንዴ?» አለች ቡዜ።

«አልፈራም» አለች ሊዲያ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

«ይቺ ናት ጀግና!»

ገበያነሽ ሊዲያን አጎረሰቻት። ሊዲያ በአጸፋው ጠቀለለች፤ እጇ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ገበያነሽ አንጓዋን ይዛ እጁን ወደ አፏ ወሰደችው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለች እያኘከች። «ድገሚኝ።»

ረቡዕ ጠዋት የገበያነሽ ብርጭቆ ላይ ቀይ ፕላስተር ተለጥፎ ተገኘ። ማን እንደለጠፈው አልጠየቀችም። ለምሳ ሲቀመጡ ግን የሁሉም ብርጭቆ፣ የአሉላም ጭምር፣ ቀይ ፕላስተር ነበረው።

«አሁን ማን የማን እንደሆነ በምን እንለየው?» አለች ቡዜ።

«አትለዩት።»

ሐሙስ ጠዋት ሊዲያ የባንክ ሰነዶች ይዛ ወደ ደምበል ወጣች። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ተመለሰች። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ፋይል እንድታወርድላት ቡዜን ለመነቻት። «ወጣት ተብዬ!» አለች ቡዜ፣ እያወረደችላት። ከዚያ በላይ ልብ ያላት አልነበረም። የቢሮው ዓይን የግድግዳው ሰዓት ላይ ነበር።

ለአሥር አምስት ጉዳይ ገበያነሽ ተረከዝ የሌለው ጫማዋን አድርጋ ቦርሳዋን አነሳች። አሉላ በሩ ላይ ቆሟል።

«ደብዳቤስ?»

«የለኝም።»

«ከወጡ ማስጠንቀቂያ እጽፋለሁ።»

«ሁለት ቅጂ አድርገው። አንዱን ፋይል የማደርገው እኔ ነኝ።»

«ወይዘሮ ገበያነሽ፣ አንድ መርፌ ከእንጀራዎ ይበልጣል?»

«ይበልጣል። የሰው ጉበት ነው።»

ቡዜ ከወንበሯ ተነሳች። አሉላ ከበሩ ገለል አለ። ገበያነሽ ፈረመች፤ ወረደች።

ሊዲያ ደረጃውን ሮጣ የደረሰችባት ግቢው በር ላይ ነው። ከበሩ ውጭ፣ ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ የተሰካባት አሮጌ መኪና ቆማለች። የጎን ወንበር ላይ አንድ ሰውዬ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል።

«እትዬ፣ ማስጠንቀቂያውን መጻፍ ጀምሯል» አለች ሊዲያ፣ እንባዋ ቀርቦ።

«ይጻፍ።»

ገበያነሽ በሾፌሩ በኩል ገባች። መስተዋቱን አስተካከለች፤ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ይልቅ የጠዋቱ የአራት ሰዓት መርፌ ክንድሽን በጣም አመመሽ?»