እስኪቀዘቅዝ
ዊልማ ልትገዛው በመጣችው፣ ተቀምጠው በሚነዱት የሣር ማጨጃ ኮፈን ላይ እጇን አሳረፈች፤ ብረቱ ትኩስ ነበር። ሲቀዘቅዝ አልነሳም የሚል ሞተር ያለው ሻጭ፣ ገዢ ሳይደርስ አሙቆ እንደሚጠብቅ በዚያ የኬንታኪ ገጠር የማያውቅ አልነበረም።

«ምነው ቀድመህ አሞቅከው?»

«የራሴ ማሽን ነው፤ ባሞቀው ምን አገባሽ?» አለ ሻጩ ቨርጂል፣ የትምባሆ ምራቁን ጫማዋ አጠገብ ጢቅ አድርጎ።

ያላት የተጠየቀችው አራት መቶ ዶላር ብቻ ነበር። ጉልበት የደረሰውን ሣሯን እስከ ሰኞ ካላጨደች የወረዳው አስተዳደር ሊቀጣት ነው፤ በዚያ በሚያማት ወገቧ ደግሞ የእጅ ማጨጃ መግፋት የማይታሰብ ነበር። እያቃሰተች ወጥታ መቀመጫው ላይ ጉብ አለች።

«እስኪቀዘቅዝ እዚሁ ነኝ።»

«ውረጂ አንቺ ሴትዮ፤ ሌላ ገዢ ይመጣል።»

«ይምጣ። አጭበርባሪ መሆንህን እነግረዋለሁ።»

ከሰዓቱ እንዲሁ አለፈ። ኮፈኑ እንደ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ፤ አንዴ እንኳ አላንገራገረም።

«አሮጌ ዘይት ካልሞቀ ተንጠፍጥፎ አይወጣም» አለ ቨርጂል ጥርሱን ነክሶ። «ያሞቅኩት አዲስ ዘይት ልቀይርልሽ ነው፤ ቀየርኩልሽም፣ በነጻ። አሁን ግን ለሌላው አራት መቶ፣ አጭበርባሪ ላለችኝ አምስት መቶ ነው።»

ፊቷ ጋለ። ይቅርታው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችውና የነዳጅ መስጫውን ገፋች። ሞተሩ አጓራ።

«የሚቃጠለው ያንተ ቤንዚን ነው» አለችው፣ እግሯን ዘርግታ እየተደላደለች። «አራት መቶ ስትል አጠፋዋለሁ።»