የእሁድ ግማሽ ሰዓት

የሰፈሩ ሰው ጋሽ ሴራሚክ የሚላቸው ሽማግሌ ወንበራቸውን ግድግዳው ድረስ አስጠግተው፣ ጀርባቸውን እንደ ቱምቢ ቀጥ አድርገው ተቀምጠዋል። ስልኩ ጭናቸው ላይ ነው። የእሁዱን ኪኒን አልዋጡም፤ ከእንግዲህም አይውጡም፤ ልጃቸው ግን ይህን አታውቅም።

ዕድሜ ልካቸውን ሰው ቤት ተንበርክከው ሴራሚክ ሲያነጥፉ ኖረው ጉልበታቸው አለቀ። ሐኪሙ በመገጣጠሚያው መሀል ያለው ለስላሳ አጥንት ተበልቷል አላቸውና፣ ምናልባት ቢረዳዎት ብሎ አጥንት የሚያጠነክር ኪኒን አዘዘላቸው። ኪኒኑ አመለኛ ነው። እሁድ እሁድ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ምግብ የለም፣ ሻይ የለም፣ ጋደም ማለት የለም። መጀመሪያ ሰሞን ውጠው ተመልሰው ተኙና ጉሮሯቸው ተቃጠለ። ልጃቸው ይህን ከሰማች ወዲህ እሁድ በመጣ ቁጥር ትደውልና ግማሽ ሰዓቱ እስኪያልቅ በወሬ ትይዛቸዋለች።

በሌላ ቀን አትደውልም። ሥራ አለባት፣ ልጆች አሉባት፤ አይፈርዱባትም። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ግን እዚህ ቤት የሰው ድምፅ የሚሰማው እሁድ ብቻ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሐኪሙ አዲሱን ራጅ ወደ ብርሃኑ አንስቶ አየና፣ "ለጉልበትዎ ያመጣው ነገር የለም፤ ብናቆመው ይሻላል" አላቸው። የደነገጡት ለጉልበታቸው አልነበረም።

ስልኩ ጠራ።

"አባዬ፣ ዋጥክ?"

"ዋጥኩ እንጂ።" ውሸቱ ሳያደናቅፋቸው ወጣ።

"ቀጥ ብለህ ነው የተቀመጥከው?"

"ግድግዳው ራሱ እኔን ተደግፎ ነው የቆመው።"

ሳቀች። ሳቋ ቁርጥ የእናቷ ነው። ትንሹ ልጇ የወለቀ ጥርሱን ደብቆ፣ ዋጥኩት ብሎ እህቱን እንዴት እንዳስለቀሳት ታወራላቸው ጀመር። ደስ አላቸው፤ በጣም ደስ አላቸው። ወሬው ጥሟቸው ሳለ እጃቸው ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ኪኒን ከሌለ ሻይ ማን ይከለክለኛል ብለው ቀድተው አስቀምጠው ነበር። ማንኪያውን አንስተው ስኳሩን አማሰሉ።

"አባዬ፣ ምንድን ነው የሚያቃጭለው?"

ማንኪያውን ቶሎ ከብርጭቆው አወጡ። ጥፋቱ የራሳቸው ነው። ልጅ ሳለች ሥራ ቦታ ይዘዋት እየሄዱ፣ የተነጠፈውን ሴራሚክ አንድ በአንድ እያንኳኳች፣ ሥሩ ባዶ የቀረውን በድምፁ እንድትለይ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ማንኪያና ብርጭቆ ለዚያ ጆሮ ምኑ ነው?

"ሻይ ነው አይደል?"

"ረስቼው ነው።"

"በሻይ አይሠራም ተብለህ የለ እንዴ?" በረዥሙ ተነፈሰች። "የዛሬውማ ከንቱ ቀረ። በቃ፣ አንተም በከንቱ አትሰቃይ፤ ግባና ጋደም በል። እኔም እነዚህን ልጆች ቁርስ ላብላቸው። የሚመጣው እሁድ እንዳትረሳ፣ እሺ አባቴ?"

ሐኪሙ ያላቸው ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ቢናገሩት የሚመጣው እሁድም አብሮ ይሄዳል።

"እሺ የኔ ልጅ" አሉ።

ስልኩ ተዘጋ። የተጨዋወቱት ገና ጥቂት ደቂቃ ነው። በተከፈተው በር በኩል አልጋቸው ይታያቸዋል። ሻዩን በእጃቸው ገፋ አደረጉትና፣ ጀርባቸውን ከግድግዳው ሳያላቅቁ፣ ግማሽ ሰዓቱ እስኪሞላ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።