ዝናብ ይጠበቃል

ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ቆሞ ወበቁ ሰው ያፍናል። ሴትዮዋ በርበሬዋን ሰሌን ላይ አስጥታ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ ትንሿ ሬዲዮ ጉልበቷ ላይ ናት።

«በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ ሙቀቱ ይቀጥላል» አለች የሬዲዮዋ ትንበያ አንባቢ፤ «ከሰዓት በኋላ በአንዳንድ ቦታዎች ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ ይጠበቃል።»

ጎረቤቷ እታገኝ ይህን ሰምታ የራሷን ስጥ መሰብሰብ ጀመረች።

«አንቺ ሴትዮ፣ አልሰማሽም እንዴ? አንሺው እንጂ።»

«ሰምቻለሁ። እሷ ይዘንባል ስላለች አላነሳም።»

«ትናንት ደግሞ ፀሐይ ነው ስትል አስገባሽው። ሰው ከሬዲዮ ጋር እልህ ይጋባል?»

«እኔ እጋባለሁ።»

«ካልታዘዝሻት ታዲያ በየቀኑ ለምን ትከፍቻታለሽ?»

ሴትዮዋ የሬዲዮዋን ድምፅ ከፍ አደረገች። ከሐይቁ ማዶ ደመናው ጠቁሮ መጣ፤ ነጎድጓዱም አጉረመረመ። እታገኝ ሰሌኗን ጠቅልላ ልትገባ ስትል አንባቢዋ ትንበያውን ደገመችው። ደግማ ከጨረሰች በኋላ ግን አልተሰናበተችም። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እማዬ፣ ያልኩትን ሁሉ በተቃራኒው እንደምታደርጊ ሰምቻለሁ። ሳላስፈቅድሽ ያገባሁት እኔ ነኝ። በርበሬው ምን አደረገሽ? አስገቢው።»

የእታገኝ ሰሌን ከእጇ ወደቀ።

«ራሷ መጥታ ታስገባው» አለች ሴትዮዋ፣ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ ሳትል።

ዝናቡ ወረደ። በርበሬው ሲርስ እያየች ተወችው። ነጠላዋን ግን ከትከሻዋ አውርዳ ሬዲዮዋን ጠቀለለቻትና ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠቻት።