የታነቀው አንጀት

ድመቷ አረንጓዴ ትውከት ሱሪያቸው ላይ ስትለቅባቸው ጡረተኛው ሹፌር ንቅንቅ አይሉም። በፎጣ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ እንደያዟት፣ የእንስሳት ሐኪሟ የምትለውን ለመስማት ጆሯቸውን ያዘነብላሉ።

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። ባለፈው ሳምንት ድመቷ ከእንግዲህ እንዳትወልድ ማህፀኗን ያወጣችላት እሷው ነች። ራጁን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ታሳያቸዋለች። ቁስሉ ሲጠግግ አንጀቷ፣ ማህፀኗ ወጥቶ ከተሰፋው ቦታ ጋር ተጣብቋል፤ ተጣጥፎ ታንቋል፤ የሚያሳልፈው ነገር የለም። አሁኑኑ ካልተከፈተ ይበሰብሳል።

ድመቷ የልጃቸው ናት። ስንቱን ወልዳ አሳድጋም ስሟ «ወይዘሪት» ነው። እሳቸው ግን ቤት ውስጥ «ያቺ ፀጉራም» እያሉ ነው የሚጠሯት፤ ሰው ሳያይ ከሳህናቸው ሥጋ ቆርሰው የሚጥሉላትም እሳቸው ናቸው። ትናንት የጣሉላትን አሽታ ጥላ ስትሄድ ነው ልባቸው የፈራው። ልጃቸው ሥራ ላይ ናት፤ ደጋግመው ቢደውሉ አታነሳም።

«አባባ፣ አልደብቅዎትም፤» ትላለች ሐኪሟ። «መጀመሪያም የሰፋኋት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ይሁን አይሁን ሳልከፍት አላውቅም። ሌላ ክሊኒክ ልውሰዳት ካሉ አልቀየምዎትም። ግን እስኪደርሱ የምትቆይ አይመስለኝም።»

ድመቷ አፏን ትከፍታለች፤ ድምፅ አይወጣትም። አዛውንቱ ሹፌር ከድመቷ ቀና ብለው የሐኪሟን ጣቶች ያያሉ።

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ ልጄ።»

«ሥራ ስጀምር ይተወኛል።»

«እንግዲያው ጀምሪ።»

ውጭ ይጠብቁ ቢባሉም መቀመጥ አልሆነላቸውም። ደም ማየት የማይችሉት ሰውዬ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር መስታወት ላይ ግንባራቸውን ለጥፈዋል። ሐኪሟ ከተከፈተው ሆድ ውስጥ እጥፉን አንጀት ቀስ አድርጋ ታወጣለች። እንደ በለዘ ጥፍር ጠቁሯል። አንቆ የያዘውን ክር የሚያህል ሥጋ ፈልጋ በመቀስ ትቆርጣለች፤ እጥፉ ይፈታል። እጇ እውነትም አይንቀጠቀጥም።

ከዚያ በኋላ ግን ምንም አትሠራም። ሞቅ ባለ ውሃ የተነከረ ፋሻ አንጀቱ ላይ ታለብሳለች፤ ደም እስኪመለስበት ቆማ ትጠብቃለች። አጠገቧ ያለችው ነርስም ትቆማለች። አንጀቱ ነፍስ ካልዘራ ተቆርጦ ይወጣል፤ ያን ደግሞ የደከመችው ድመት መቻሏን እንደምትጠራጠር ሐኪሟ አስቀድማ ነግራቸዋለች።

ኪሳቸው ውስጥ ስልኩ ይጮኻል።

«አባዬ፣ ምን ሆነች?» ትላለች ልጃቸው። እያለከለከች ነው።

ሐኪሟ ፋሻውን ታነሳለች።

«ቆዪ እስቲ፤» ይላሉ። «እያየሁ ነው።»

ጥቁረቱ ከዳር ከዳር እየሳሳ ሮዝ ቀለም ይገባበታል። ከዚያ የአንጀቱ አንድ ጫፍ፣ ማንም ሳይነካው፣ ሸብሸብ ይልና ሽብሽብታው ቀስ እያለ ወደ ፊት ይሄዳል።