የምራቲቱ ድስት

በሬዲዮ ጠጋኙ ደም ውስጥ እንደገና እርሳስ ተገኘ። የሚጻፍበት አይደለም፤ ብረቱ፣ መርዙ።

ታላቅ እህቱ ጥፋተኛዋን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለጋትም።

"ምራትህ ናት! የዚያች ልጅ ድስት ሊገድልህ ነው።"

"እትዬ፣ እኔም እኮ ከዚያው ድስት ነው የምበላው" አለች ምራቲቱ።

"አንቺማ ለምደሽዋል!"

ዶክተሯ አዲስ ማሽን ነበራት። በዓይን የማይታዩ የብረት ብናኞች ደም ውስጥ ገብተው እርሳሱን ይይዛሉ። ደሙ በቱቦ ወጥቶ በማግኔት አጠገብ ሲያልፍ ብናኞቹ ከነመርዙ እዚያው ይቀራሉ፤ ንጹሑ ደም ይመለሳል።

"ታዲያ ማቀዝቀዣ ላይ ብለጠፍስ?" አለ ጠጋኙ።

"አይለጠፉም፣ አባቴ።"

እህቱ ግን ለማንኛውም ብላ የጸጉር ማስያዣዎቿን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ጠጋኙ ሆስፒታል ሰነበተ። ምግቡን እየተሳደበ ይጨርሰዋል። የባሰበት ሥራ መፍታቱ ነው። ከሬዲዮዎቹ ቀጥሎ የናፈቀችው ምራቱ ነበረች። ሥራ ላይ ጥርሱን ነክሶ ስለሚያጉተመትም፣ የሚለውን የምትረዳው እሷ ብቻ ናት።

ደሙ ጠራ። በተደጋጋሚ ቢመረመርም እርሳሱ አልተመለሰም።

"አየህ?" አለች እህቱ። "ከድስቷ ስትርቅ ዳንክ!" ልትጠይቀው ወደ መጣችው ምራቱም ዞረች። "አንቺም ሻንጣሽን አዘጋጂ። እሱ ቤት ሲገባ አንቺ ትወጫለሽ።"

ጠጋኙስ ከምርመራ ውጤት ጋር ምን ብሎ ይከራከራል?

የሚወጣበት ቀን ምራቲቱ ልትሰናበተው መጣች። በአንድ እጇ ሻንጣዋን፣ በሌላው የናፈቀውን የመሣሪያ ሳጥን ይዛለታለች። ገና ደህና ሁኑ ሳትል ማሽኑ ጢስ ተፋና ቀጥ አለ።

ዶክተሯ ራሷን ያዘች። "ኮሪደሩ ሙሉ በሽተኛ ነው! ጠጋኝ እስኪላክልን ድረስ ምን ልበላቸው?"

"ምን ጠጋኝ ያስልክሻል? ስትቀልቢው የከረምሽው ማንን ነው?" አለና ጠጋኙ እጅጌውን ሰበሰበ።

ክዳኑን ፈታ። የተቃጠለውን ሽቦ አገኘ። በአንድ እጁ ሽቦውን፣ በሌላው የጋለውን መበየጃ ይዞ አጎነበሰ።

"ምምፍ እምፍ" አለ።

"ምን አለ?" አለች እህቱ።

"መብራቱን አስጠጊልኝ ነው የሚሉት" አለች ምራቲቱ፣ ሻንጣዋን መሬት አስቀምጣ።

ሁለቱም እጆቹ ስለተያዙ፣ ለብየዳ የሚያቀልጠውን እርሳስ እንደ ሁልጊዜው በጥርሶቹ ነክሶት ነበር።